ሰልፉን የሚያስረዝመው ማነው? ስለ ነዳጅና ስለ ፍርሃታችን

(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከቀረጻው ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሾች ብቻ ተቀንሰዋል።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ይሰማል? ጥሩ።

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢና የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ የእሁድ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን ሰሞኑን ጠርተውኝ «አንተ ዕድሜህን ነዳጅ ላይ የጨረስክ ሰው ነህ፤ እስቲ ይሄ ሁሉ ሰው የሚጨነቅበትን ነገር አስረዳልን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥራዬ ቦቴ መላክና ቦቴ መጠበቅ ነበር። እገሌ ጅቡቲ ጫነ፣ እገሌ ጋላፊ ደረሰ፣ እገሌ ሚሌ ላይ ጎማ ፈነዳበት፣ እገሌ አዋሽ አደረ። ባለቤቴ «በእንቅልፍህ ሳይቀር ታርጋ ትጠራለህ» ትለኝ ነበር። እዚያ ተቀምጣለች፤ ውሸት ከሆነ ትናገር።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ነዳጅ ያልቃል ወይ? ሁለተኛ፣ ማደያ በር ላይ የምናየውን ሰልፍ የሚያስረዝመው ማነው? ሦስተኛ፣ መፍራታችን ካልቀረ ምኑን እንፍራ? የመጀመሪያውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ወሬ ልጀምርና ልረሳው እችላለሁ፤ ያኔ ሰብሳቢያችን ሰዓት ያሳዩኝ።

አንደኛው። ነዳጅ ያልቃል ወይ?

እኛ እያለን አያልቅም። ኪንግ ሀበርት የሚባል አሜሪካዊ የከርሰ ምድር ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 «የአሜሪካ የነዳጅ ምርት 1970 አካባቢ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል» አለ። እውነትም በ1970 ጫፍ ደርሶ ወረደ። ዓለም «በቃ፣ አለቀልን» አለ። ከዚያ ግን ድንጋይ እየሰነጠቁ ነዳጅ የማውጣት ዘዴ መጣ። ዛሬ አሜሪካ በቀን ከ13 ሚሊዮን በርሜል በላይ ታወጣለች። በታሪኳ ይህን ያህል አውጥታ አታውቅም። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ እናንተው አባዙት።

እንዲያውም አንድ ጉድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020፣ ኮሮና መንገዱን ሁሉ ጭር ባደረገበት ሰሞን፣ አሜሪካ ውስጥ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች ወረደ። የገዛው ነጋዴ «በርሜሉን ውሰዱልኝ፣ 37 ዶላር እኔው ልክፈላችሁ» አለ! ለምን? ማስቀመጫው ሁሉ ሞልቶ ማኖሪያ ስለጠፋ። ይቺን «ማስቀመጫ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው። ሰልፉን የሚያስረዝመው ማነው?

እስቲ እጅ አውጡ፤ ባለፈው «ነዳጅ ሊጠፋ ነው» ሲባል ጋኑ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሳለ ሄዶ የተሰለፈ ማነው? አይዟችሁ፣ አልመዘግብም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት... ኧረ ሰብሳቢያችንም አሉ!

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ማደያ በደህናው ቀን 300 መኪና ያስተናግዳል እንበል። እያንዳንዱ 15 ሊትር ቢቀዳ 4,500 ሊትር ይሆናል። ማደያው ከመሬት በታች ባለው ጋን 30 ሺህ ሊትር ካለው ሳምንት ሊያቆየው ትንሽ ነው የሚቀረው። በመሀል ቦቴ ይመጣል፤ ማንም ምንም ሳያውቅ ሕይወት ይቀጥላል። አሁን ወሬ ተነሳ። 300 የነበረው መኪና 900 ሆኖ መጣ። 15 ሊትር ይቀዳ የነበረው «ፉል አድርግልኝ» ብሎ 40 ቀዳ። ስንት ሆነ? 36 ሺህ ሊትር። ስምንት እጥፍ! ሳምንት የሚያቆየው ጋን ሳይመሽ ደረቀ። ቀጂው ወጥቶ «አልቋል» የሚል ካርቶን ሰቀለ። ካርቶኑን ያየ ሁሉ ለአምስት ሰው ደወለ።

ከባሕር ማዶ የቀነሰ ነዳጅ አለ? አንድ ሊትር አልቀነሰም። ነዳጁ ከማደያው ጋን ወጥቶ እኛ መኪና ውስጥ ገባ፤ ቆሞ ያድራል። «የፈሩት ይደርሳል» የሚባለው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ግን ፈርቶ የሚያደርሰው ራሱ ፈሪው ነው።

ይሄ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው ያለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ደውሎ «አጎቴ፣ እዚህም ሰልፍ ሆነ እኮ!» አለኝ። አገሩ ነዳጅ አልጎደለውም። የጎደለው የቦቴ ሾፌር ነው። በዚያ ምክንያት ጥቂት ማደያዎች ተዘጉ፤ ዜናው ወጣ፤ በነጋታው ሰው ሁሉ ማደያ ተገኘ። በመጨረሻ ወታደሮች ቦቴ እየነዱ ነዳጅ አደሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አሜሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ዘራፊዎች ኮሎኒያል የሚባለውን ትልቁን የነዳጅ ቧንቧ ሲያስቆሙ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጥቶ «እባካችሁ ቤንዚን በፌስታል አትቅዱ» ብሎ ሕዝብ እስኪለምን ድረስ ደርሷል። በፌስታል! ሀብታም አገር መሆን ከፍርሃት አያድንም።

ግን ሰውን ብቻ አልወቅስም። ወሬው ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው አንዴ ይታለል ነበር እንጂ ሁሌ አይሰለፍም ነበር። እኛ አገር ዋጋ የሚከለሰው አብዛኛውን ጊዜ ወር ሲያልቅ ነው። ቤንዚን በ2014 ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። «ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ ስንቴ እውነት ሆኖ አገኘነው? ታዲያ ወር ሲያልቅ የሚሰለፈው ራይድ ነጂ ሞኝ ነው? አይደለም። የልጆቹን ወጪ እያሰላ ነው።

ማደያውም ያሰላል። በዚያች የገና ሰሞን ቤንዚን በአንድ ሌሊት 10 ብር ከ33 ሳንቲም ጨመረ። ማታ 30 ሺህ ሊትር ይዞ የተኛ ባለማደያ ጠዋት ከ300 ሺህ ብር በላይ አትርፎ ተነሳ። ምንም ሳይሠራ! ታዲያ በዋዜማው ፓምፑ «ቢበላሽበት» ይገርማችኋል? ሁሉም ባለማደያ እንዲህ ነው አልልም፤ ደህና ሰዎች አውቃለሁ። ግን ፓምፕ ለምን ወር መጨረሻ ላይ እየጠበቀ እንደሚበላሽ መካኒክም የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ የአባቴን ነገር ላንሳ። አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች የሰው ሰይቼንቶ፣ ትንሿን ፊያት፣ ይነዳ ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እሁድ እሁድ ጎማዋን እኔ ነበርኩ የማጥበው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1973 ዓረቦቹና እስራኤል ተዋጉ። የዓረብ ነዳጅ ሻጮች እስራኤልን ለደገፉ አገሮች አንሸጥም አሉ። በርሜሉ 3 ዶላር አካባቢ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ዱላው እኛ ዘንድ የደረሰው በ1966 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ነው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ የታክሲ ታሪፍ ግን ባለበት ቆየ። አባቴ ማታ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ «ይሄ ለቤንዚን፣ ይሄ ለባለመኪናው...» ይላል። ለእኛ የሚሆነው ክምር ከቀን ወደ ቀን ያንሳል። እናቴ ምንም አትልም፤ ክምሩን ታያለች።

የካቲት 11 ቀን ታክሲዎቹ ቆሙ። መምህራኑም በዚያው ቀን በራሳቸው ጥያቄ ወጡ። መንግሥት ደንግጦ በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስኩ አለ። ግን ነገሩ ከእጁ ወጥቷል። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም፤ ረሃቡ አለ፣ መሬቱ አለ፣ ወታደሩ አለ። ቤንዚኑ ግን ክብሪቱ አጠገብ ነበር።

ይህን ለምን አነሳሁ? ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ስለ ነዳጅ ሲናገር ድምፁ ይቀንሳል። ስንት እንዳለን አይናገርም። ቦቴው የት እንደቆመ አይናገርም። «በቂ ክምችት አለ» ይላል፤ ያበቃል። በቂ ማለት ስንት ነው? የስንት ቀን? ዝም። ዝምታው ያለበትን ቦታ ደግሞ ወሬ ይሞላዋል። እነሱ እኛን ይፈራሉ፣ እኛ ነዳጁ እንዳይጠፋ እንፈራለን፣ ሰልፉ ይረዝማል።

ከሁለተኛው ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቼ፣ ይሄንን በተለይ ስሙኝ።

አንድ ቀን ጎረቤት ቡና ጠሩን። ገና ስንገባ አፍንጫዬ ያዘው፤ እኔ ይሄን ሽታ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። «እትዬ፣ እዚህ ቤት ቤንዚን አለ?» አልኩ። ሳቁ። «ልጄ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ነው» አሉኝ። አልጋው ሥር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አለ። ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ከምድጃው ያለው ርቀት ከእኔ እስከዚህ የመጀመሪያ ወንበር ድረስ ቢሆን ነው።

ቤንዚን ፈሳሹ አይደለም የሚነደው፣ ተኑ ነው። ተኑ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። እኛ ከላይ ዕጣን እናሸታለን፣ እሱ ከሥር ይሄዳል። ጀሪካኑን እኔው ይዤ ወጣሁ። ልጁ መኪናው ውስጥ ገለበጠው፤ ነገሩ በዚሁ አለፈ። ነዳጅ ስለጠፋ የሞተ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ቤት ውስጥ ባስቀመጠው ቤንዚን የተቃጠለ ግን አይቻለሁ።

ሰብሳቢያችን ሰዓት እያሳዩኝ ነው። እሺ፣ ሦስተኛው።

መፍራት ካለብን ምኑን እንፍራ?

ካርታውን በሐሳባችሁ ሳሉት። ነዳጃችንን የምንገዛው በአብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። መርከቡ ጭኖ ሲወጣ ሆርሙዝ በሚባለው ጠባብ የባሕር በር ያልፋል። ሆርሙዝ በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያች በር በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ያልፍ ነበር፤ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። ስለዚህ እዚያ ጥይት ሲተኮስ እዚህ የሚደነግጥ ሰው ልክ ነው። አልስቅበትም። በሰኔ 2017 ኢራንና እስራኤል ለ12 ቀናት ሲዋጉ ዋጋው ብድግ ብሎ ተመልሶ ወርዷል።

የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር ባብ ኤል መንደብስ? ብዙ ሰው የየመን ሁቲዎች መርከብ መቱ ሲባል «አለቀልን፣ ነዳጃችን የሚመጣው በዚያ ነው» ይላል። እስቲ ካርታውን ደግማችሁ እዩት። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ የሚገባው ባብ ኤል መንደብ ሳይደርስ ነው። በሩ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሰሜን ነው። እርግጥ የመድኑ ዋጋ ይንራል፤ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣም ዕቃ አለን። ግን የቤንዚናችን ዋና በር ሆርሙዝ ነው፣ ከዚያ ጅቡቲ። የሚያስፈራንን ቦታ እንኳ በትክክል ብናውቅ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ጅቡቲ። ድሮ አሰብ ነበረን። አሰብ ወደብ ብቻ አልነበረም፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ማጣሪያ ነበረው፤ ድፍድፍ ገዝተን እዚያ እናጣራ ነበር። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። በዓመቱ ግንቦት 1990 ላይ ጦርነቱ ሲጀመር አሰብም ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ የምንገዛው ተጣርቶ ያለቀውን ነው፤ የሚገባውም ከሞላ ጎደል በአንድ በር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር። ጋላፊ፣ ሎግያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ። ያንን መንገድ ያልሄደበት ሰው ነዳጅ ከፓምፕ የሚወጣ ይመስለዋል።

አንድ ክረምት ጎርፍ አፋር ውስጥ መንገዱን ቆረጠው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፈው ቱቦ ነው የተጠረገው። ቦቴዎቹ ተደርድረው ቆሙ። አንዱ ቦቴ ከነተሳቢው ወደ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል። ሾፌሮቹ ተሳቢው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል፤ ሸሚዛቸው ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። አንደኛው ስልክ ስደውልለት «ጌታዬ፣ ውኃ ላኩልን እንጂ ነዳጅስ ይኸው ተኝተንበታል» አለኝ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይወራ ነበር? «ዓረቦቹ ነዳጅ ከለከሉን!» ዓረቦቹ ምን አደረጉ? የከለከለን አንድ ቱቦ ነው።

ወገኖቼ፣ የእኔ ነጥብ ይሄ ነው። እኛ የምንፈራው ጉድጓዱ እንዳይነጥፍ ነው። መፍራት ያለብን መንገዱን፣ ማስቀመጫውንና ዶላሩን ነው።

ዶላሩን በአጭሩ። ለነዳጅ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ እናወጣለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ ባይንቀሳቀስ እንኳ እኛ ጋ በብር ሲቆጠር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የመንግሥት ድጎማ ይህን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ግን ድጎማውንም የሚከፍለው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኛው ነን።

ማስቀመጫ። ያዙልኝ ያልኳት ቃል መጣች። በዚያ በአባቴ ጊዜ የተደናገጡት ሀብታም አገሮች ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1974 ዓለም አቀፉን የኢነርጂ ኤጀንሲ አቋቋሙ። አባል የሆነ፣ ነዳጅ ከውጭ የሚገዛ አገር ቢያንስ ለ90 ቀን የሚሆነውን እንዲያከማች ተስማሙ። አሜሪካ ቴክሳስና ሉዊዚያና ውስጥ ከመሬት በታች ባለ የጨው ዋሻ ታስቀምጣለች። የእኛን ዲፖዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሱሉልታም፣ አዋሽም ገብቻለሁ። ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው። ግን የ90 ቀን ነገር አይደለም፣ ለእሱ ቅርብም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው ተብሎ ፊርማ ተፈርሞ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አንድ ሜትር አልተቀበረም።

«ሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ ጋዝ ተመረተ፣ ከእንግዲህ ምን አለብን?» የሚል ወጣት እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቅድም በር ላይ ጠይቆኛል። ደስ ይላል ልጄ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ጋዝ ሌላ፣ ቤንዚን ሌላ ነው። አይሱዙው ነገ ጠዋት ከካሉብ አይቀዳም።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? በጥር 2016 መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አለ። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። መብራታችን ከውኃ ግድብ ነው፤ ዝናቡ የራሳችን ነው፣ ዶላር አይጠይቅም። ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቀላል አይደለም። ግን 2001ን አትርሱ። ያኔ ግድቦቹ ውኃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ደግሞም ጤፉንና ሽንኩርቱን የሚያመጣው አይሱዙ፣ ማዳበሪያውን የሚያመላልሰው ከባድ መኪና፣ ትራክተሩ፣ ሁሉም ናፍጣ ነው። ሰልፍ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ እንጮኻለን፤ ቤንዚን ሲጠፋ እኔ ከቢሮ እቀራለሁ። ናፍጣ ሲጠፋ ግን ሽንኩርት ይጠፋል።

እናቶቻችንማ የዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ የሉም። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤት የሚያበስለው አሁንም በእንጨትና በከሰል ነው። ላምባ ሲወደድ ሰልፍ አይታይም፤ ሰው ዝም ብሎ ወደ ከሰል ይመለሳል። ለዚህ ነው ዜና የማይሆነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ከላይ ያሉትን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ፣ ልክ እንደ አየር ትንበያ፣ ዲፖ ውስጥ የስንት ቀን ነዳጅ እንዳለ ይነገረን። አምስት ቀን ከሆነ አምስት ይበሉን። ቁጥሩን ያወቀ ሰው ከሚሰማው ወሬ ጋር ያስተያየዋል። ከእኛ ደግሞ፣ ጋኑ ግማሽ ሲሆን እንቅዳ፤ ሞልቶ ሳለ አንሰለፍ። ጀሪካን ቤት አናስገባ።

ጀሪካን ካልኩ አይቀር፣ የመጨረሻዬን ልበልና ልውረድ። የእድራችን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ድንኳኑ አጠገብ፣ ለጄኔሬተሩ ተብሎ የተቀመጡ ጀሪካኖች አሉ። ሐሙስ ዕለት አይቻቸዋለሁ። እዚያው ደጃፍ ላይ ለለቅሶ ቤት እሳት እናነዳለን፣ ጎላ እንጥዳለን። ኮሚቴው ዛሬ እንዲወስን ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ጀሪካኖቹ ዛሬውኑ ይውጡ፣ ጄኔሬተሩ ሲያስፈልግ በዕለቱ ይቀዳ። የሚደግፈኝ አለ? የዕቃ ቤት ኃላፊያችን እጃቸውን አውጥተዋል፤ የሚቃወሙኝ ይመስለኛል። ማይኩን ስጧቸው፣ እንስማቸው።